«ቀድሜ ተናግሬአለሁ» ማለት ቀድሞ መተኮስ አይደለም

ዛሬ ስለ ጨዋታ እንጽፋለን። «አገሩ እንዲህ ሆኖ እናንተ ስለ ጨዋታ?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። አዎ፣ ስለ ጨዋታ! በጨዋታ ላይ ፍትሕ ያልለመደ ሰው ሌላ ቦታ ሲለምድ አላየንማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጠረጴዛ ከበን የሚና ጨዋታ የምንጫወት ስድስት ጓደኛሞች ነን። ለማታውቁት በአጭሩ እናስረዳ። አንዱ ዳኛ ይሆናል፣ ዓለሙን ይተርካል። ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ እንይዛለን፣ ምን እንደምናደርግ እንናገራለን። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ታላቅ ወንድም በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን ያሳተሙት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። እኛ ደግሞ ዘንዶውንና ቤተ መንግሥቱን ትተን ታሪኩን ወደ መተማ ቆላ አወረድነው። የሲራራ ነጋዴ ጠባቂዎች ነን። ከመተማ ገበያ ተነስተን በወህኒ፣ በጭልጋ አድርገን ጎንደር እንገባለን። ቢያንስ ሐሳባችን እንደዚያ ነበር።

መጀመሪያ ጓንግ ወንዝ ዳር ደረስን። አራት መሣሪያ የያዙ ሰዎች «የኬላ ክፈሉ» አሉን። ከመሐላችን ንግግር የሚችለው ጓደኛችን ዋጋ ሊከራከር ገና አፉን ሲከፍት፣ ሌላው ጓደኛችን ከወንበሩ ተነስቶ «ተኮስኩ!» አለ። ዳኛው «እሺ፣ ሁሉም ለኢኒሼቲቭ ዳይስ ይጣል» አለው (ኢኒሼቲቭ ማለት ውጊያ ሲጀመር ማን ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ የሚለይበት ዕጣ ነው)። ወዳጃችን ቱግ አለ። «ምን ኢኒሼቲቭ! ድንገት ነው እኮ! አልጠበቁኝም! ቀድሜ ተናግሬአለሁ!» ዳኛው ጭቅጭቅ አይወድም፤ እሺ አለው። አራቱ ሰዎች ጣታቸውን ሳያነቃንቁ ወደቁ። እኛም አጨበጨብን። (አዎ፣ አጨብጭበናል። ጥፋቱ የጋራ ነው።)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ በሌሊት አንድ ዋርካ ሥር ተኝተን ሽፍቶች መጡብን። ጠባቂያችን ማን ነበር? ያው «ተኮስኩ» ባዩ ወዳጃችን። ዳኛው «እንቅልፍ ጥሎሃል፣ ደረሱባችሁ» ሲለው፣ መጽሐፉን ገልጦ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲከራከር አመሸ። «እኔ ጆሮዬ ንቁ ነው። ደረቅ ቅጠል አልረገጡም? በቅሎዎቹስ እንዴት አላናፉም? ድንገት ተብሎ ዝም ብሎ አይመታም!»

እንግዲህ ጎበዝ፣ ጠባችን እዚህ ላይ ነው። ድንገት የእኛ ሲሆን ብልሃት፣ የሌላው ሲሆን ማጭበርበር ሆነ።

መጽሐፉ ምን ይላል?

የወዳጃችን ወገኖች (አሁን ሁለት ሆነዋል) «ሕጉ ከእኛ ጋር ነው» ይላሉ። እስቲ ሕጉን እንየው። በ1974ቱ እትም ሁለት ወገኖች ሲገናኙ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ 1 ወይም 2 የወጣበት ወገን ሳይዘጋጅ ተገኘ ማለት ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው እትም ጠላቱን ቀድመው ላወቁ ብቻ የሚሆን አንድ አጭር ዙር ፈቀደ። በ2014ቱ እትም ያ ዙር ቀረ፤ ሁሉም ዕጣውን ይጥላል፣ ያልጠበቀው ግን የመጀመሪያ ተራው ሲደርስ ምንም ሳያደርግ ያልፈዋል። በ2024ቱ እትም ደግሞ ጭራሽ ቀለለ፤ ያልጠበቀ ሰው ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥሎ ትንሹን ቁጥር ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው ተራውን ጠብቆ ይዋጋል።

አራት እትም፣ አራት ዓይነት ሕግ። ታዲያ አንዱም ላይ «ቀድሞ የጮኸ ቀድሞ ይመታል» የሚል አላገኘንም። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ *ያኛው አውቆ ነበር ወይስ አላወቀም?* ጓንግ ዳር የቆሙት አራት ሰዎች መሣሪያ ይዘዋል፣ ዓይናቸው እኛ ላይ ነው፣ ገንዘብ እየጠየቁን ነው። እነዚህ ሰዎች እንዴት ብለው ነው «ያልጠበቁ» የሚባሉት? ተኩሱን በዚያች ሰከንድ ላይጠብቁት ይችላሉ። ጠብ ሊነሳ እንደሚችል ግን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ሥራቸው ነዋ! ፈጥኖ መሳብ የወዳጃችን መብት ነው፤ ለፍጥነቱ ደግሞ ዕጣው አለለት። ዕጣውን ዘሎ ድንገት ማለት ግን የሌላውን ሰው ዓይንና ጆሮ መንጠቅ ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ያስተማሩን ጥያቄዎች አሉ፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ለዚህ ሕግ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ማን፣ ምን፣ መቼ አወቀ? ይህን ሳይጠይቅ የሚፈርድ ዳኛ ምንጩን ሳይጠይቅ ዜና እንደሚጽፍ ሪፖርተር ነው።

«ሰንጠረዥስ?»

ከተቃዋሚዎቻችን አንዱ ግን ብልጥ ነው። «የፈረንጅ መጽሐፍ ምን አስፈለገ?» አለን። «የራሳችን ሰንጠረዥ ላይ ተራ የሚባል ነገር መች አለ? እጁ የፈጠነ ይቀድማል!»

ደስ የሚል ክርክር ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው በአጀማመሩ ነው። ወረራ በሚባለው መክፈቻ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እንዳሻቸው፣ በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ስለዚህ ጨዋታ ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. በ«ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ» ላይ ታሪኩንና ሕጉን አውጥቶታል።

ወዳጃችን የዘለላት ግማሽ ግን ይቺ ናት፦ ወረራ የሚያበቃው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው! ከዚያ በኋላ ተራ በተራ። አያቶቻችን ፍጥነትን የፈቀዱት ደም ሳይፈስ ነው፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሥርዓት ይገባል። እናንተ የምትሉት ተቃራኒውን ነው። ደም እያፈሰሳችሁም ወረራው ይቀጥል ነው የምትሉት። በዚያ ላይ በወረራ ጊዜ ሰሌዳው ለሁለቱም ግልጥ ነው። ጎበዝ ተጫዋች ዝም ብሎ አይሮጥም፤ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያስተካክላል። በግልጥ ሰሌዳ ላይ መፍጠን አለ፣ ድንገት ግን የለም። ሰንጠረዥን ምስክር ጠራችሁት፣ መሰከረባችሁ።

እኛ ስንሄድ ዘመቻ፣ እነሱ ሲመጡ ወረራ

ጨዋታችንን መተማ ላይ ካደረግነው አይቀር የመተማን ታሪክም እንጠይቀው። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ላይ የሰፈረውን የመሐዲስት ጦር መትተው ድል አደረጉ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ አቡ አንጃ መጣና በሣር ውሃ ጦርነት ተክለ ሃይማኖትን አሸነፈ፣ ጎንደርንም ዘርፎ አቃጠለ። በየቡናው ቤት ሲተረክ ታዲያ ስሙ ይለያያል፦ እኛ ስንሄድ ዘመቻ፣ እነሱ ሲመጡ ወረራ። የጎንደርን መቃጠል ለማቅለል አይደለም ይህን የምንለው። «ተኮስኩ» ባዩ ወዳጃችን ልማዱን ከየት እንዳመጣው ለማሳየት ነው እንጂ።

ከዚያ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጡ። እንደሚተረከው ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ሌባ ተደብቀው መጡ እንዳይባሉ መምጣታቸውን አስቀድመው ለጠላት ላኩ። ላኩም አላኩም፣ ዘኪ ቱማል መተማ ላይ በእሾህ አጥርና በምሽግ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ ሜዳ ላይ ሳያውቅ የተገኘ አልነበረም። የኢትዮጵያ ጦር ቀድሞ አጠቃ፣ ምሽጉንም ሰበረ። ድሉ ሊጠናቀቅ ሲል ንጉሡ በጥይት ተመቱ፤ ጦሩም ተመለሰ። በኋላ መሐዲስቶቹ የሆነውን ሲያውቁ ተከታትለው የንጉሡን አስከሬን ይዞ ያፈገፈገውን ጓድ ወንዝ ዳር ደረሱበት። ከተማዋ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

ከዚህ ምን እንማራለን? መጀመሪያ ያጠቃው አንዱ ነው፣ መጨረሻ ያሸነፈው ሌላው ነው። በየሰዓቱ የሚዛኑን አቅጣጫ የቀየረው ማን ቀድሞ ፎከረ ሳይሆን ማን ምን አወቀ የሚለው ነው። የፕሩሲያው መኮንን ፎን ራይስቪትዝ በ1824 እ.ኤ.አ. የጦር ጨዋታውን ሲያሳትም በመሐል ዳኛ ያስቀመጠውም ለዚሁ ነው። ዳኛው ለእያንዳንዱ ወገን የሚያሳየው ያ ወገን ሊያውቅ የሚችለውን ብቻ ነው። የዳኛ ሥራ ከጥንትም የዕውቀት ጠባቂነት ነበር።

«ጨዋታ ነው፣ ምን አስጨነቃችሁ?»

ይህችን ነው የምንፈራት። ከመሐላችን አንዷ ያደገችው ገንዳ ውሃ ነው። ከዋርካው ሥር ክርክር በኋላ ሁላችንም ስንስቅ እሷ አልሳቀችም። አንድ ጊዜ ወደ ጎንደር ስትመጣ የሆነውን ነገረችን። መኪናው ኩርባውን ሲዞር መሣሪያ የያዙ ሰዎች መንገድ ዘግተው ነበር። ከሾፌሩ ኋላ የተቀመጡት እናት ቀድመው አይተው ወርቃቸውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ። መሐል ላይ ያሉት የሾፌሩን ፍሬን ሰምተው ነቁ። ኋላ የተኙት ግን በሩ ሲከፈት ነው ያወቁት። አንድ መኪና፣ አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ዓይነት ሰው። «እናንተ ድንገት ስትሉ ሁሉም ሰው አንድ ላይ የሚደነግጥ ይመስላችኋል» አለችን።

በቅርብ ዓመታት በዚያ መንገድ ስንት ሰው እንደታገተ ዜናውን የምትከታተሉ ታውቃላችሁ። ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳኑ ጦርነት ሸሽቶ በመተማ የገባው ስደተኛ፣ ድንገት ለነሱ የዳይስ ቁጥር አይደለም። እኛ ጠረጴዛ ላይ ጓንግ ዳር የቆሙትን አራት ሰዎች «አላዩም፣ አልሰሙም» ብለን ስናልፍ የምንለማመደው ምንድን ነው? ሌላው ሰው ዓይን የለውም ማለትን ነው። ይህ ልማድ ቅዳሜ ማታ ዳይሱ ከረጢት ውስጥ ሲገባ አብሮ የሚገባ አይመስለንም።

ስለዚህ አቋማችን ይኸው። አንደኛ፣ ማንም ሰው የውጊያ ቃል ከአፉ ሲወጣ ጨዋታው ይቆማል፤ ዕጣው ሳይጣል የሚፈስ ደም የለም። ሁለተኛ፣ ድንገት ለቡድን አይሰጥም። ዳኛው ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሽፍታውም ጭምር፣ ምን አየህ ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ ለራሳችን የጠየቅነውን ሁሉ ለባላጋራችን እንሰጣለን። የእኛ በቅሎ የምታናፋ ከሆነ የሽፍታውም በቅሎ ታናፋለች።

«ተኮስኩ» ባዩ ወዳጃችን ይህን ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት አንብቦታል። (ድንገት አልመታነውም፤ በሕጋችን ነው የሄድነው።) መልስ እጽፋለሁ ብሏል። ይጻፍ! ተራው የሱ ነው።