አሮጌውን ኮምፒውተር ከመጣልዎ በፊት
ባለፈው መስከረም መተማ ዮሐንስ አክስቴ ቤት፣ ከሰሊጥ ጆንያ ጀርባ፣ የሟች ባለቤታቸውን አሮጌ ኮምፒውተር አገኘሁ። «አይሠራም፤ ጣለው» አሉኝ። ሳበራው ሠራ! አጎቴ ለልጆቻቸው በፓወር ግዕዝ የጻፏቸው ደብዳቤዎች አሉበት። ወደ ላፕቶፔ ስገለብጣቸው ግን ፊደሉ የተዘበራረቀ ምልክት ሆነ።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ አገር ውስጥ የተሠሩ ቀደምት ሶፍትዌሮች ለፊደሎቻችን የየራሳቸውን ኮድ ይሰጡ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም።

ስለዚህ እርስዎም አሮጌውን ኮምፒውተር ከመጣልዎ በፊት ያብሩት። የፎንቱን ስም ይመዝግቡ፤ ፎንቱንም ከሰነዱ ጋር ይቅዱ። ካልሆነም ስክሪኑን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

አክስቴ ደብዳቤዎቹን ካስነበብኳቸው ወዲህ ኮምፒውተሩን በነጠላ ሸፍነውታል።