ጓደኛን ጥሎ መሄድ የሚቻለው ለሰው እጅ ካስረከቡ በኋላ ነው



በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምጽፈው ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ቦይ ጠረጋና ስለ ድንኳን ኪራይ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሩጫ መጻፍ ግድ ሆኖብኛል። በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ እሑድ ማለዳው ሩጫችን ሁለት ሐሳብ ስለሚቀርብ፣ አባላት እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት ነገሩን ቢያብላሉት መልካም ነው ብዬ ነው። የሚከተለው የጸሐፊው የግል አስተያየት እንጂ የኮሚቴው ውሳኔ አይደለም።

አንደኛው ሐሳብ ከወጣቶቻችን የመጣ ነው። እሑድ እሑድ ከሚሮጡት መካከል ቀድመው ለሚገቡት ሦስት ሰዎች ከማኅበሩ ገንዘብ ሽልማት ይሰጥ ይላሉ። ሁለተኛው ሐሳብ የእኔና የጥቂት አባላት ነው። ማንም ሰው ብቻውን አይሩጥ፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ሆኖ ይውጣ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ይመለስ የሚል ነው። ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ጋሼ፣ ይህ ሩጫ ነው ወይስ የሚዜ ሰልፍ?» ያለኝም አለ። መሳቁን ይሳቁ፤ ነገሩ ግን የሳቅ አይደለም።

በመጀመሪያ ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ ልንገራችሁ። አምና እኔና ግንበኛው ጓደኛዬ በስምጥ ሸለቆ ካሉት ከተሞች በአንደኛው በተደረገ ማራቶን ተካፍለን ነበር። ሁለታችንም አርባን ያለፍን፣ የልጆች አባቶች፣ ሩጫ መተዳደሪያችን ያልሆነ ሰዎች ነን። ስምንት ወር ሙሉ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ጅብ ገና ወደ ጉድጓዱ ሳይገባ ተነሥተን ወደ እንጦጦ በሚወስደው አቀበት ላይ ስንወጣና ስንወርድ ከረምን። ማራቶን ማለት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ መሐል ተነሥቶ ቢሾፍቱ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው እንደ ማለት ነው።

ከሩጫው በፊት በነበረው ማታ፣ ባረፍንበት አልጋ ቤት ሆነን አንድ ስምምነት አደረግን። እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ አብረን እንሮጣለን። ከዚያ በኋላ አንዳችን ብንዝል፣ ነገሩ ድካም ብቻ ከሆነ የበረታው ቀድሞ ይሂድ፤ ቅሬታ የለም። ከድካም ያለፈ ነገር ከሆነ ግን ጓደኛውን ለሰው እጅ ሳያስረክብ ማንም ንቅንቅ አይልም።

ለምን 30ኛውን መረጣችሁ የሚል ይኖራል። ሯጭን ከሚያስኬደው ጉልበት ብዙው በጡንቻና በጉበት ውስጥ የተጠራቀመ ስኳር ነው። ይህ ስንቅ በብዙ ሯጮች ላይ 30ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ እየተሟጠጠ ይመጣል። እስከዚያ ሰው በእግሩ ይሮጣል፤ ከዚያ ወዲያ በምን እንደሚሮጥ የሚያውቀው የሮጠ ብቻ ነው።

ድካምን ከሕመም በምን ትለያላችሁ ለሚለውም መልስ አለ። የደከመ ሰው ያማርራል፣ ይነጫነጫል፣ «ምን አባቴ ብዬ መጣሁ» ይላል፤ የት እንዳለ ግን ያውቃል። ሙቀት የመታው ሰው ንግግሩ ይምታታል፣ ይንገዳገዳል፣ የተነገረውን አይዝም። ይህን ቀድሞ የሚያየው መንገድ ዳር የቆመ ሐኪም አይደለም። ከጎኑ የሚሮጠው፣ ድምፁን የሚያውቀው ጓደኛው ነው።

ሩጫው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተጀመረ። እስከ 30ኛው ድረስ እያወጋን ሄድን። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ ማለዳዋ ይቀዘቅዛል፤ እዚያ ግን ገና 3 ሰዓት ሲሆን ፀሐዩ አናት ይበሳል። 34ኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ወደ 4 ሰዓት ገደማ፣ ጓደኛዬ «ስንተኛው ላይ ደረስን?» አለኝ። ነገርኩት። ሃያ እርምጃ ሳንሄድ ያንኑ ጠየቀኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ እየተንገዳገደ ነበር። ክንዱን ይዤ ከአንድ ግራር ጥላ ሥር አስቀመጥኩት። እዚያው ጥግ ሱቅ ያላት ሴትዮ ማንም ሳይጠይቃት ባልዲ ውኃ ይዛ ወጣች። ራሱና አንገቱ ላይ እያፈሰስን በነጠላዋ አራገብነው። አንድ ባለ ባጃጅ ልጅ ደግሞ ወደ ፊት ከንፎ የመጀመሪያ ርዳታ ሰጪዎቹን አመጣቸው።

እነሱ አስተኝተው ሲያቀዘቅዙት ቆይቶ ልቡ ተመለሰና ዐወቀኝ። «አንተ፣ አሁንም እዚህ ነህ እንዴ? ሂድ እንጂ!» አለኝ። ነርሷን አየኋት። «እኛ ይዘነዋል፤ ጤና ጣቢያ እናደርሰዋለን» አለችኝ። ያን ጊዜ ሄድኩ። በጠቅላላው 28 ደቂቃ ቆሜያለሁ። ሩጫውን በ5 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ጨረስኩና ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ጤና ጣቢያ ደረስኩ። አልጋው ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ሲልጥ አገኘሁት።

ወደ ሠፈር ስንመለስ ታዲያ ከሁለት ወገን ወቀሳ ጠበቀኝ። አንዳንዶቹ፣ «ስምንት ወር ለፍተህ ምን አስቆመህ? ሐኪም የተቀመጠው ለዚህ አይደለም ወይ? ግማሽ ሰዓት አቃጠልክ እኮ!» አሉኝ። ሌሎቹ ደግሞ፣ «አብራችሁ ሄዳችሁ፣ የታመመውን ትተህ ሜዳሊያ ልታነሣ መሮጥህ ምን የሚሉት ወዳጅነት ነው?» አሉ። ጓደኛዬ ራሱ ለሁለቱም ወገን የሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «የተስማማነውን ነው ያደረገው» አለ።

እኔ የምለው ሁለቱም ወገን ግማሹን ብቻ አየ ነው። ወዳጅነት ማለት ሁልጊዜ አብሮ መቆም አይደለም፤ ሁልጊዜ መቅደምም አይደለም። ቁም ነገሩ ጓደኛህን በማን እጅ ትተኸው ሄድክ የሚለው ነው። በሜዳ ላይ ትተኸው ከሄድክ ጥለኸዋል። ለሚጠብቀው ሰው ሰጥተኸው ከሄድክ ግን አስረክበሃል። መጣልና ማስረከብ ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም፤ ከታላላቆቻችን ያየነው ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ለሦስተኛ ጊዜ የማራቶን ወርቅ ሊያመጣ ተሰልፎ ነበር። እግሩን ታሞ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ አብሮት አልቆመም። መንገዱን ቀጠለ፤ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ለአገሩ አመጣ። ታዲያ ማሞን ጓደኛውን ከዳ የሚል ኢትዮጵያዊ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አበበ የታመመው እግሩን እንጂ ልቡናውን አይደለም፤ በኦሊምፒክ መንገድም ያለ ሰው አልቀረም። በቅርቡ በፓሪስም እንዲሁ ሆነ። ሲሳይ ለማ ጉዳት ስለ ደረሰበት ቦታውን ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ ተረከበ። ታምራትም ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ይህ ርክክብ እንጂ መጣጣል አይባልም።

አሁን ወደ ሠፈራችን ልመለስ። ከሦስት ወር በፊት፣ እኔ ክፍለ አገር ለቅሶ ሄጄ በነበረበት እሑድ፣ ደም ግፊት ያለባቸው አንዲት እናታችን እንደ ልማዳቸው ከኋላ ሆነው ይከተሉ ነበር። ፊተኞቹ አቀበቱን ጨርሰው በሌላ መንገድ ወርደው በየቤታቸው ገቡ። እኚህ እናት ራሳቸውን አዙሯቸው ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠው ቀሩ። ያገኘቻቸው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ናት። ሸክሟን እዚያው አውርዳ፣ ደግፋ አስፋልት ድረስ አመጣቻቸው። ከሯጮቻችን መካከል መቅረታቸውን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። የታወቀው ረፋድ ላይ ልጃቸው «እናቴስ?» ብላ በየቤቱ ስታንኳኳ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ ዛሬ ደኅና ናቸው። ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ሩጫው አልመጡም። መዝገቡን ሳገላብጥ በዚያን ጊዜ 31 የነበርነው ዛሬ 19 ነን፤ የቀሩት ደግሞ አብዛኞቹ እናቶችና ጎልማሶች ናቸው።

እንግዲህ በዚህ ላይ ሽልማት ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቡት። ለሦስት ሰው ገንዘብ ተይዞ ወደ ኋላ የሚያይ ማን ነው? ኋላ ያለውም እንዳልተፈለገ ቆጥሮ ቤቱ ይተኛል። በመጨረሻ ሦስቱ ብቻ ይሮጡና ሦስቱም ይሸለማሉ። «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ወጣቶቹ የሚያነሡት መከራከሪያ አለ፤ እሱንም አልደብቅም። «ፈጣኑ በዘገምተኛው ይታሰራል፤ አገሪቱ የሯጭ አገር ናት፣ ከመካከላችን ሯጭ እንዳይወጣ ታደርጋላችሁ» ይላሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን ማንም ፈጣኑን ከዘገምተኛው ጋር ይታሠር አላለም። ፈጣን ከፈጣን፣ አዝጋሚ ከአዝጋሚ ይጣመር ነው የምንለው። ጓደኛ ደግሞ እግር አያሥርም፤ እንዲያውም ያፈጥናል። አበበ ቢቂላ በ1953 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ብቻውን አልነበረም። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር በጨለማው መንገድ ጎን ለጎን ብዙ ሮጦ፣ የተለየው መጨረሻው ሲቃረብ ነው። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ ራዲ የዘገየው 25 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የኬንያው ኢሉድ ኪፕቾጌም ጥቅምት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ቪየና ላይ ማራቶንን ከ2 ሰዓት በታች፣ በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሲጨርስ፣ 41 አሯሯጮች እየተቀያየሩ ነፋስ ሲከልሉለት ነበር። በዚህ ምክንያት በክብረ ወሰንነት ባይመዘገብለትም፣ ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ምን ያህል እንደሚችል አሳይቶናል።

ውድድርንም የምጠላ አይደለሁም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረገውን ታላቁ ሩጫ እዩት። ከፊት ጥቂቶች ለሽልማት ይሽቀዳደማሉ፤ ከኋላ ያለው እልፍ ሕዝብ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትሩን እየዘፈነና እየጨፈረ ይጨርሳል። እኛም ለወጣቶቻችን በዓመት አንድ ቀን ለብቻው ውድድር እናዘጋጅ፤ ሽልማቱንም ፈቃደኛ ሰዎች ያዋጡ። የእሑዱ ማለዳ ግን የሁሉም ይሁን።

ስለዚህ ለስብሰባው የማቀርበው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ሯጮች በፍጥነት ከሚመጣጠናቸው ሰው ጋር ሁለት ሁለት ሆነው ይመዝገቡ። ቁጥሩ ጎደሎ ከሆነ ሦስት ይሁኑ። መመጣጠናቸው የሚታወቀው እየሮጡ ያለ ማለክለክ መነጋገር ሲችሉ ነው።

2ኛ/ ማንም ሰው ጓደኛውን ለሌላ ሰው ሳያስረክብ አይለየው። ደረቱን የወጋው፣ ራሱን ያዞረው ወይም ንግግሩ የተምታታ ሰው ከሩጫው ወዲያው ያቁም፤ ጓደኛውም አብሮት ይቁምና ርዳታ ይጥራ።

3ኛ/ መነሻው ላይ ስም ይጠራ፤ መመለሻው ላይም ይጠራ። የመጨረሻዎቹ ጥንዶች ስልክና ውኃ ይያዙ።

4ኛ/ ለሽልማት ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ ለመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን መግዣና ከአባላት መካከል ሁለት ሰዎችን ለማሠልጠኛ ይዋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላስታውስ። ማኅበራችን ሰው ሲሞት ብቻውን አይሄድም ብሎ ድንኳን ይተክላል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረውንም ይቀጣል። ለሞተ ሰው ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ በሕይወት ያለው አቀበት ላይ ብቻውን ሲቀር ስሙን የሚጠራለት ካጣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አስቡበትና በስብሰባው ላይ እጃችሁን አውጡ። የማይስማማ አባል ካለም አስተያየቱን ጽፎ ይስጠኝ፤ ሳልቀንስ ሳልጨምር እዚሁ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የማኅበሩ ጸሐፊ