ቁልፉን ሲያስረክቡን የሚያውቁትንም ይንገሩን

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የወጣው የጉዞ ጽሑፍ፣ ባልና ሚስት በሰው አገር መኪና ተከራይተው ሲዞሩ የሚጣሉት ትዕግሥት እያነሳቸው ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና፣ የጠቡን ሥር የምንፈልገው ቁልፍ ከምንረከብበት ጠረጴዛ ላይ መሆን አለበት። አከራዩ ተከራዩን ምን እንደሚያጋጥመው እያወቀ ዝም ይላል፤ በኋላ ለሚመጣው ጣጣ ግን ባልና ሚስቱ እርስ በርስ ይካሰሳሉ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ለዕረፍት ጣሊያን ሄደን፣ በፍሎረንስ በኩል ሲዬና ለመድረስ ሮም ላይ መኪና ተከራየን። የደረሰን የናፍጣ መኪና ነበር። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ማደያዎች አረንጓዴ እጀታ ያለው መቅጃ የናፍጣ ነው፤ ጣሊያን ውስጥ ግን አረንጓዴው የቤንዚን፣ ጥቁሩ የናፍጣ ነው። ባለቤቴ ዓይኑ የለመደውን አረንጓዴ አንስቶ ቀዳ። የሚያስቆመው ነገርም አልነበረም። የናፍጣ መቅጃ አፉ ሰፊ ስለሆነ የቤንዚን መኪና ውስጥ አይገባም፤ ቀጭኑ የቤንዚን መቅጃ ግን ናፍጣ መኪና ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ሞተሩ ሳይነሳ ቢታወቅ ጋኑን ማራገፍ ብቻ ይበቃ ነበር። ከተነሳ በኋላ ግን ጉዳቱ ይከፋል፤ የመኪናውን የነዳጅ ፓምፕ የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው፤ ቤንዚን ሲገባበት ብረት ከብረት ይፋጫል። እኛ ይህን ያወቅነው አውራ ጎዳና ዳር ቆመን መጎተቻ መኪና ከመጣልን በኋላ ነው። ተጨማሪ ገንዘብ የከፈልንበት ኢንሹራንስም የተሳሳተ ነዳጅ የሚያደርሰውን ጉዳት አይሸፍንም፤ ይህ በውሉ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል።

ያን ሁሉ ወጪና ጭቅጭቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀረው ነበር። ከ2018 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በማደያዎችና በአዳዲስ መኪኖች የነዳጅ መክደኛ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ይለጠፋል፤ ክብ ከሆነ ቤንዚን፣ አራት ማዕዘን ከሆነ ናፍጣ። ቁልፉን የሰጠን ሠራተኛ «የእናንተው አራት ማዕዘን ነው» ቢለን ምን ይጎድልበት ነበር?

የፍሎረንሱ ደግሞ ይብሳል። እንደ ብዙ የጣሊያን ከተሞች ሁሉ፣ የአሮጌው ከተማ መሐል ፈቃድ ለሌለው መኪና የተከለከለ ነው። መግቢያው ላይ የሚያስቆም ፖሊስ ወይም የሚዘጋ አጥር ላይኖር ይችላል፤ ያለው ነጭ መደብ ላይ ቀይ ቀለበት ያለበት ምልክትና ታርጋ የሚያነብ ካሜራ ነው። ያረፍንበት ሆቴል በክልሉ ውስጥ ስለነበር ጂፒኤሱ በቀጥታ ወደዚያው መራን። ሆቴሎች የእንግዳቸውን የታርጋ ቁጥር በጊዜው ለከተማው አስተዳደር ቢያስመዘግቡ እንግዳው ከቅጣት ይድናል። ይህንንም የነገረን የለም። ቤታችን ገብተን ጉዞውን ረስተነው ሳለ፣ አከራዩ ስማችንን ለባለሥልጣኑ ላስተላለፈበት «የአገልግሎት ክፍያ» ከካርዳችን ላይ ቆረጠ። ቅጣቱ ራሱ የመጣው ከዚያም በኋላ ነው፤ በጣሊያን ሕግ ውጭ አገር ለሚኖር ሰው የቅጣት ማስታወቂያ እስከ 360 ቀን ድረስ ሊላክ ይችላል። ማን «እዚህ ጋ ታጠፍ» እንዳለ፣ ማን ምልክቱን እንዳላየ፣ በዚያ ሁሉ ወራት ርቀት እንደገና ተጨቃጨቅንበት።

የአገሩን ሕግ ማወቅ የነጂው ግዴታ ነው የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው። የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ጣሊያን ውስጥ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ወይም ሕጋዊ ትርጉም መያዝ አለበት፤ ያንን አስቀድመን አጣርተን ይዘን ነበር። ነገር ግን የተከራየ መኪና በካሜራ በተያዘ ቁጥር ማስታወቂያው መጀመሪያ የሚደርሰው ለአከራዩ ነው። የትኛው መንገድ ላይ ደንበኞቹ እንደሚያዙ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ክፍያ እየሰበሰበ አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል አለመናገሩ ግን ለሕሊና የሚከብድ ነው። ደንበኛው በሚረዳው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ከቁልፉ ጋር እንዲሰጥ በሕግ ይደንገግ ባይ ነኝ፤ የነዳጁ ዓይነት፣ የተከለሉት የከተማ ክፍሎች፣ ኢንሹራንሱ የማይሸፍነው ጉዳት፣ የአውራ ጎዳናው ክፍያ አሠራር ይጻፍበት። ጋቢና የተቀመጠው ሰው ያንን ገጽ በእጁ ቢይዝ ለነጂው ዓይን ይሆነዋል እንጂ ከሳሹ አይሆንም።

ሕጉ እስኪመጣ ድረስ ግን የእናንተ የጉዞ ዓምድ ብዙ ሊሠራ ይችላል። ከኛ ሰው በአውሮፓም በአሜሪካም ያለው፣ ልጆቹን ጭኖ ከአገር አገር በመኪና የሚዞረው ብዙ ነው። ስለ ቱስካኒ ኮረብታዎች ውበት ስትጽፉ ከጎኑ ይህን መሰል መረጃ አውጡ። የኪራይ ውሉና የቅጣት ደብዳቤዎቹ በእጄ ስላሉ፣ ለዝግጅቱ ከጠቀሟችሁ ግልባጫቸውን እልክላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንባቢ ከቨርጂኒያ