ኩንታሉን በቀን እንመንዝረው

የመኸር እህል ተወቅቶ ጎተራ በገባ ማግሥት የገበሬ ማኅበር መሪዎች በየዓመቱ የሚጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዘንድሮ ስንት ኩንታል ተገኘ?» የሚል። ከወረዳ የሚመጣውም፣ ለጋዜጣ ዜና የሚያጠናቅረውም ይኸንኑ ይጠይቃል። መልሱ ይመዘገባል፣ ሪፖርት ይሆናል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ያው ገበሬ ባዶ ስልቻ ይዞ ገበያ ሲወጣ፣ ወይም ለመስከረም በዕጥፍ ሊመልስ እህል ሲበደር፣ «ያ ኩንታል የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ በመስመር ስለ መዝራት በየስብሰባው ሲነገር ኖሯል፤ ወደፊትም ሊነገር ይገባል። የተመረተው እህል ከጎተራ እስከ ሌማት ስላለው ጉዞ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ጉዳዩ የጓዳ ነው፣ የጓዳ ነገር ደግሞ የሴቶች ነው እየተባለ ስለሚታለፍ ይመስለኛል። ይህ አመለካከት ስንቱን ቤተሰብ ለክረምት ችጋር እንደሚዳርግ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል።

ለአንድ ሰው በቀን እህልና ጥራጥሬ ተደምሮ ግማሽ ኪሎ ያህል ያስፈልገዋል ብለን እንነሣ። ሕፃኑ ከዚህ ያነሰ፣ የሚያርሰው ከዚህ የበለጠ ይበላል፤ ሲቻቻል ግን ስሌቱ ከእውነቱ አይርቅም። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በቀን 3 ኪሎ፣ በወር 90 ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው። ከጥር መባቻ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ማለትም አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ፣ 10 ኩንታል ያህል ለቀለብ ብቻ ይሄዳል። ዘርና ለገበያ የሚወጣው ከዚህ ውጭ ነው። እንግዲህ በዚህ ቤት አንድ ኩንታል ማለት 33 ቀን ነው።

ኩንታሉ በቀን ሲመነዘር የነገሩ መልክ ይለወጣል። ለተዝካር ጠላ አንድ ኩንታል እህል ወጣ ማለት 33 ቀን ወጣ ማለት ነው። ነቀዝ ከአሥሩ ኩንታል አንዱን ዱቄት አደረገው ማለትም እንዲሁ 33 ቀን ሄደ ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት ከተገናኙ ቤቱ ጥጋብ በሚመስልበት በጥር ወር ከሁለት ወር በላይ ቀለቡን አጥቷል፤ ጉድለቱ የሚታየው ግን ጎተራው ሲጠረግ፣ በክረምት እምብርት፣ እርሻው ጉልበት በሚጠይቅበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ዘር ይበላል፣ በሬ ይሸጣል፣ ወይም ያልደረሰ ሰብል በማሳ ላይ እንዳለ ለነጋዴ ይዋዋሉበታል።

ጎተራ ይቆጠር ሲባል ቅር የሚላቸው አረጋውያን እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ቅር ቢላቸውም አይፈረድባቸውም። በደርግ ዘመን ገበሬው በመንግሥት ዋጋ በኮታ እህል እንዲያስረክብ ሲገደድ፣ ጎተራ የሚቆጠረው እህል ለማውጣት ነበር። አሠራሩ የቀረው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው። እህል መደበቅ ብልኅነት የነበረበት ያ ጊዜ ገና ከሰው አእምሮ አልወጣም። ስለዚህ ቆጠራው የማኅበር መሪ መዝገብ ይዞ በየቤቱ የሚዞርበት ከሆነ ከጅምሩ ይበላሻል። መሪው የማንንም ጎተራ ማየት አያስፈልገውም። ባልና ሚስት አንድ ቀን ተቀምጠው ያላቸውን በቁና ሰፍረው፣ በቤታቸው ሰው ቁጥር አካፍለው፣ እስከ የትኛው ወር እንደሚያደርሳቸው ለራሳቸው ይወቁ። የመሪው ድርሻ ስሌቱን በስብሰባ ማስረዳትና ሚዛን ማቅረብ ነው። ቁና ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የአካባቢው ቁና ጤፍ ሲሞላ ስንት ኪሎ፣ በቆሎ ሲሞላ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ አንድ ጊዜ ተመዝኖ ይነገር፤ ሌላውን ቤተሰቡ ራሱ ይጨርሰዋል።

በዚህ ስሌት የሚስት ቃል ከባል ቃል ያላነሰ ሊሰማ ይገባል። ሊጡን የምታቦካው፣ ሽሮውን የምታስፈጨው እርሷ በመሆኗ የቤቱን ወጪ በእፍኝ ታውቀዋለች። ሆኖም በብዙ ቤት እህል የሚሸጠው ባል ገበያ ሲሄድ በራሱ ውሳኔ ነው። የቀለቡን መጠን የምታውቀው ዝም ብላ፣ የማያውቀው ሲሸጥ፣ ጎተራ እንዴት ዓመት ይዘልቃል?

የትኛው እህል አስቀድሞ ይበላ የሚለውም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጤፍና ዳጉሳ ፍሬያቸው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍራቸውም፤ በደረቅ ቦታ ከተቀመጡ ዓመታት ይቆያሉ። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ ግን ይነቅዛሉ፤ በተለይ በቆላና በወይና ደጋ ነቀዝ ከዕንቁላል ተነሥቶ ለመራባት የሚበቃው በአምስትና በስድስት ሳምንት ውስጥ ስለሆነ፣ በጥር ጥቂት የነበረው ሚያዝያ ሲደርስ ጎተራውን ይወርሰዋል። ከተሻሻሉት የበቆሎ ዝርያዎች ብዙዎቹ ምርታቸው ከፍ ያለ ቢሆንም ሽፋናቸው ልል በመሆኑ ከነባሩ በቆሎ ይልቅ ቶሎ ይነቅዛሉ። (ምርጥ ዘር ሲታደል ይህ አብሮ ቢነገር መልካም ነበር።) እንግዲህ የሚነቅዘውን አስቀድሞ መብላት፣ የማይነቅዘውን ለክረምት ማቆየት ተገቢ ነው። በብዙ ቦታ የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው፤ ጤፍ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ በጥር ተሟጥጦ ይሸጥና ለሐምሌ የሚቀረው ነቀዝ የቦረቦረው በቆሎ ይሆናል። ጤፍ አትሽጡ ማለት አይደለም። ነገር ግን ሁለት ኩንታል ጤፍ እስከ ሰኔ ያቆየ ሰው ካስፈለገው ይበላዋል፣ ካላስፈለገው በተሻለ ዋጋ ይሸጠዋል። በጥር የሸጠው ግን በሰኔ ያንኑ እህል መልሶ ለመግዛት ቢሞክር ገንዘቡ አይደርስለትም።

ወደ ማከማቻው እንምጣ። አዲስ እህል ከመግባቱ በፊት ጎተራው ተጠርጎ፣ ጥራጊው ተቃጥሎ፣ ስንጥቁ በጭቃና በአዛባ ተመርጎ መቆየት አለበት፤ አሮጌ እህል ከአዲሱ ጋር መቀላቀል ነቀዝን ከነዘመዱ ጠርቶ ማስገባት ነው። እህሉ በሚገባ መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ሲሶ ያህል እህልና ጥቂት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሮ ደኅና አድርጎ መነቅነቅና ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት ይበቃል። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፣ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ባቄላንና ሽምብራን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ አባቶች የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዝ መላወሻ ያጣል። ዛሬ ደግሞ አየር የማያስገባ ከረጢት አለ፤ ፒክስ የሚባለው በውስጡ ሁለት ድርብ ላስቲክ፣ በውጭ ማዳበርያ ጆንያ የመሰለ ሽፋን ያለው ነው። ደረቅ እህል ሞልቶ እያንዳንዱን ሽፋን ለየብቻ ጠበቅ አድርጎ ሲያሥሩት ውስጥ ያለው ነቀዝ አየሩን ጨርሶ ይሞታል፤ መድኃኒት አያሻም። አይጥ ከበሳው ግን ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ከመሬት ከፍ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ለባቄላና ለዘር ክዳኑ የሚገጥም ጀሪካንም ይሠራል፤ እስከ አፉ መሞላት ግን አለበት። በሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ የሚያኖሩ ወገኖች ጥበባቸው የቆየ ነው፤ ዳሩ ግን ጉድጓዱ እንደተከፈተ ሰው እንዳይገባበት፣ ታምቆ የቆየው አየር ሰው እንደሚገድል፣ በየዓመቱ ለወጣቶች ሊነገር ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ነቀዝ ሲበረታ ብዙ ሰው ከገበያ የእህል ክኒን ይገዛና ቤተሰቡ በሚያድርበት ጎጆ ውስጥ ካለው ጎተራ ይጨምረዋል። ክኒኑ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከጭቃና ከጭራሮ የተሠራ ጎተራ ጋዙን ሊይዝ ስለማይችል ነቀዙ ሳይሞት ይቀርና መርዙ የተኙትን ሰዎች ያገኛቸዋል። ይህ ክኒን ሥልጠና ባለው ሰው፣ በታሸገ ቦታ፣ ሰው ከማያድርበት መጋዘን ውጭ ሊነካ አይገባውም። የገበሬ ማኅበር መሪ በቀበሌው ክኒኑ እንደ ከረሜላ በጉሊት ሲሸጥ እያየ ዝም ካለ፣ ያ ዝምታ አንድ ሌሊት የአንድ ቤት ሰው ሁሉ ሊያስከፍል ይችላል።

የሻገተ እህልም እንዲሁ ለቁጠባ ተብሎ የሚበላ አይደለም። በቆሎና ለውዝ እርጥብ ሆነው ሲሻግቱ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያፈሩ ይችላሉ፤ ይህ መርዝ በመቀቀል ወይም በመጋገር አይጠፋም፣ በጊዜ ብዛት ጉበትን ይጎዳል። ለላም ቢሰጥ በወተት በኩል ወደ ልጅ ይመለሳል። «ለጠላ ይሁን» ማለትም መፍትሔ አይሆንም። ቁጠባው እህሉ ከመሻገቱ በፊት በማድረቅ የሚደረግ እንጂ ከሻገተ በኋላ የሚደረግ አይደለም።

ጓዳ ውስጥ ያለውን ምግብ ሳይበላሽ ስለ መጨረስ ለእናቶቻችን ማስተማር ድፍረት ይሆንብኛል። እንጀራው ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ ከመሻገቱ በፊት ድርቆሽ አድርጎ በፀሐይ ማስጣት፣ የበዓል ሥጋ ሲተርፍ ቋንጣ ዘልዝሎ መስቀል፣ ገብሱን ቆልቶ በሶ ማስፈጨት፣ የጠላ አተላ ለከብት መስጠት፣ ይህ ሁሉ ከማንም ትምህርት ቤት በፊት በየጓዳው የነበረ ሙያ ነው። በእንሰት አገር ደግሞ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ፣ እንሰቱ ደጅ ላይ ቆሞ ጎተራውን ይተካል። እንዲያውም ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነው፤ ወጣት ሴቶች ዱቄትና በርበሬ ከሱቅ በኪሎ መግዛት ሲለምዱ ይህ ሙያ እየሳሳ ነው፤ የሚያውቁት እናቶች በስብሰባ ላይ ተነሥተው ቢናገሩ ከልማት ሠራተኛው ንግግር ይልቅ ይደመጣሉ።

ቁጠባ ሲባል ደግሞ ከልጅ አፍ መቀነስ ማለት እንዳይመስል። ዕንቁላሉንና ቅቤውን ሁሉ ሸጦ ለድግስ ጌሾና ስኳር የሚገዛ ቤት ቆጠበ አይባልም። እናት ሁሉን አብልታ በመጨረሻ የተረፈውን የምትበላበት ልማድም እንዲሁ ነው፤ ነፍሰ ጡርና አራስ የሆነች ሴት እንደዚህ ስትውል ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቤቱ ተርቧል።

ስለ ድግስ ከተነሣ መሪዎቹን ራሳቸውን የሚመለከት ነገር አለ። ገበሬው ለሰርግና ለተዝካር ከዐቅሙ በላይ የሚያወጣው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ያልደገሰ ሰው ይታማል፤ ሐሜት ደግሞ ከረኀብ ይከብዳል። ይህን ቀንበር ድሃው ብቻውን ሊያወርደው አይችልም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የልጁን ሰርግ በሁለት ቀን ሳይሆን በአንድ ቀን፣ በሁለት ሰንጋ ሳይሆን በአንድ የጨረሰ እንደሆነ ግን ከዚያ በኋላ ሌላው ቢቀንስ የሚያማው አይኖርም። እድሮችና ማኅበሮችም ስለ ድግስ መጠን ተመካክረው መወሰን ይችላሉ። የሃይማኖት አባቶች ደግሞ ተዝካር በድሃ ላይ ዕዳ እንዲሆን እንደማይፈልጉ በግልጽ ቢናገሩ ከየትኛውም መመሪያ ይበልጥ ይሠራል።

«የሌለው ምኑን ይቆጥባል?» የሚሉ አሉ፤ አባባሉ ከፊል እውነት አለው። ግማሽ ሔክታር ይዞ ለስድስት ሰው የሚበቃ 10 ኩንታል የማያገኘው ብዙ ነው፤ እርሱን በቁጠባ ብቻ ትጠግባለህ ማለት ማላገጥ ይሆናል። ይሁን እንጂ ስድስት ኩንታል ያለው ሰው በጥር ላይ እህሉ እስከ ሐምሌ ብቻ እንደሚያደርሰው ካወቀ፣ ገና ጉልበትና ጊዜ ሳለው የቀን ሥራ ሊፈልግ፣ በበልግ ድንች ሊተክል፣ ወይም በግ አደልቦ ለፋሲካ ሊያወጣ ይችላል። ይኸንኑ በሐምሌ ቢያውቅ የሚቀረው መበደር ነው።

ከገበሬው ዐቅም በላይ የሆነም አለ። በብዙ ቦታ የመሬት ግብሩ፣ መዋጮውና የማኅበር ዕዳው የሚሰበሰበው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ የእህል ዋጋ በወደቀበት ወቅት ነው። ሰብሳቢው ገንዘብ በሰው እጅ የሚገኝበትን ጊዜ መምረጡ ይገባል፤ ግን ሁሉም ባንድ ሳምንት ሲሸጥ ዋጋውን የሚወስነው ነጋዴው ብቻ ይሆናል። መሪዎች ቢያንስ የአካባቢው መዋጮ እስከ ግንቦት በሁለትና በሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ማስወሰን ይችላሉ። ለኅብረት ሥራ ማኅበሩም የሚቀርብ ጥያቄ አለ፤ አባሉ እህሉን በማኅበሩ መጋዘን አስቀምጦ በመያዣነቱ መጠነኛ ብድር ቢያገኝ ለግብር ሲል ቀለቡን አይሸጥም። አየር የማያስገባው ከረጢትም በብዙ ቦታ የሚደርሰው ነቀዝ ከገባ በኋላ ነው፤ ማኅበሩ ትእዛዙን በነሐሴ ሰጥቶ ከረጢቱ በጥቅምት መጨረሻ፣ በቆሎው ከመሸልቀቁ በፊት፣ በአባላቱ እጅ እንዲገባ ከአሁኑ በአጀንዳ ይያዝ።