ጭረት ይሻላል ወይስ ስንጥቅ?

ውድ የእጅ ሰዓት ሲገዙ መጀመሪያ ስሙን፣ ከዚያ ዋጋውን፣ ቀጥሎም ክንድዎ ላይ ማማሩን ያያሉ። መስታወቱን ዙሪያውን አቅፎ የያዘውን ቀለበት ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ሰዓት ሻጮች «ቤዝል» ይሉታል። ከበር፣ ከግድግዳና ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ቀድሞ የሚጋጨው እሱ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል የሚወስነው በአብዛኛው ይህ ቀለበት የተሠራበት ነገር ነው። ሰዓቱ የሰርግ ወይም የምረቃ ስጦታ ከሆነና አንድ ቀን ለልጅ ይተላለፋል ተብሎ ከታሰበ ደግሞ ነገሩ ከውበት ያልፋል።

ሻጭ ሁሉ «ጠንካራ ነው» ይልዎታል። ችግሩ «ጠንካራ» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር አዝሏል፤ አለመጫርንና አለመሰበርን። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ብርጭቆ በቀላሉ አይጫርም፤ ከእጅ ሲወድቅ ግን ይደቅቃል። የብረት ድስት ይጫራል፣ ይሰረጉዳል፤ ግን አይሰበርም። የሰዓት ቀለበትም እንዲሁ ነው።

ከተለመደው ከስቴንለስ ስቲል እንጀምር። ጭረትን የመቋቋም አቅም በቪከርስ መለኪያ ሲለካ ስቲል 200 አካባቢ ነው። አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ ግን ከ1,000 ያልፋል። ስለዚህ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ግንባታ ባለበት ሁሉ እጅጌዎ ላይ የሚያርፈው አቧራ ስቲሉን ቀስ በቀስ መጫሩ አይቀርም። ደግነቱ ጭረቱ በባለሙያ እጅ ተወልውሎ ይጠፋል። ቆዳዎ በኒኬል የሚቆጣ ከሆነ ታይታኒየምን ያስቡ። ከስቲል 40 በመቶ ያህል ይቀላል፤ መልኩ ግን ጠቆር ይላል፣ ጭረቱንም መወልወል ከስቲል ይከብዳል።

ወርቅ ከስቲልም ይለሰልሳል። 18 ካራት ማለት ከመቶው 75 እጅ ወርቅ፣ ቀሪው እንደ ብርና መዳብ ያለ ሌላ ብረት ነው። ይጫራል፣ ይሰረጉዳል፤ አይዝግም፣ አይሰነጠቅም። ከአገራችን ታሪክ ጋር ስሙ ከሚነሣ የእጅ ሰዓት ሁሉ ዝነኛው የተሠራው ከዚሁ ለስላሳ ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተሠራው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ፓቴክ ፊሊፕ የ18 ካራት ወርቅ ሲሆን፣ ገጹ ጥቁር፣ ቀለበቱ ያለ ዕንቁ ነው። በ2015 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶ ከሽያጭ ወጣ፤ በ2017 ግን እዚያው ጄኔቫ ከ2.5 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ዋጋውን የሰጡት ታሪኩና ብርቅነቱ ናቸው። የአያት የወርቅ ሰዓት በቤትዎ ካለም ደጋግመው አያስወልውሉት። በተወለወለ ቁጥር ከወርቁ ጥቂት ይነሣል፤ ጠርዙም ይሟሟል።

የወርቅ ቅብ ግን ሌላ ነገር ነው። ስስ ሽፋን ስለሆነ ሲላላጥ የሥሩ ብረት ይገለጣል፤ መወልወልም ይብስበታል። ስለዚህ ሲገዙ «ወርቅ ነው?» ብቻ አይበሉ፤ «ስንት ካራት? እስከ ውስጡ ነው ወይስ ቅብ?» ብለው ይጠይቁ።

በስፖርት ሰዓቶች ላይ የሚታየው ባለ ቀለም ቀለበት ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ወይም ሴራሚክ ነው። ታሪኩ የሚያስተምረው አለው። ሮሌክስ በ1950ዎቹ ለአብራሪዎች ባወጣው ጂኤምቲ ማስተር ላይ መጀመሪያ የተጠቀመው ቤክላይት የተባለ ፕላስቲክ ነበር። እየተሰነጠቀ ስላስቸገረ በአሉሚኒየም ተተካ። አሉሚኒየም አይሰነጠቅም፤ ግን ይጫራል፣ ቀለሙም በፀሐይ ይደበዝዛል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚበረታ፣ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ለምንኖር ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግነቱ ቀለበቱ ላይ የተለጠፈ ስስ ክብ ስለሆነ ያረጀውን አንሥቶ በአዲስ መተካት አይከብድም።

ሮሌክስ ሴራሚኩን ያመጣው በ2005 ነው። ዚርኮኒየም ኦክሳይድ ከተባለ ዱቄት ተጨምቆ ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ይጋገራል። በቪከርስ 1,200 ገደማ ስለሚደርስ አቧራ ብዙም አይደፍረውም። ቀለሙም ከውስጡ ስለሆነ አይለቅም። ከአሥር ዓመት በኋላም እንደ አዲስ ያበራል። ነገር ግን ክፉኛ ሲመታ አይሰረጉድም፤ ይሸረፋል ወይም ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ሴራሚክ ደግሞ አይወለወልም፣ አይበየድም፤ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። የምርቱ ሕጋዊ ጥገና ቤት በቅርብ ከሌለ ሰዓቱን ወደ ውጭ መላክ ሊያስፈልግ ነው።

ይህን ሁሉ ወደ ሰፈራችን እናምጣው። ቅዳሜ ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጡ ከሆነ፣ ባሕር ዛፉ መካከል ያለው መንገድ ድንጋያማ ነው፤ ሲንሸራተቱም ቀድሞ መሬት የሚነካው እጅ ነው። እዚያ ላይ ስቲል ጠባሳ ይዞ ይመለሳል፤ ሴራሚክ ግን ተሰንጥቆ ሊመለስ ይችላል። የሥራ ቀንዎን በቢሮና በመኪና የሚያሳልፉ ከሆነ ደግሞ የሰዓትዎ ጠላት አቧራና የጠረጴዛ ጠርዝ ነው፤ እዚህ ላይ ሴራሚክ ይረታል። ወርቁን ለሰርግና ለበዓል ያቆዩት።

ቀለበቱ የሚዞር ከሆነ ለእኛ የተለየ ጥቅም አለው። ከ1 እስከ 12 የተጻፈበትን ቀለበት አዙረው 6 ቁጥሩን ከላይ ያድርጉት። ሰዓቱ በውጭው አቆጣጠር ጠዋት 7 ሲል ቀለበቱ 1 ይላል፤ በአንድ ሰዓት ሁለት አቆጣጠር ያነባሉ ማለት ነው። ውጭ ካለ ዘመድ ጋር በስልክ ለሚቀጣጠር ቤተሰብ ይህ ይጠቅማል። እስከ 60 የተጻፈበት የጠላቂዎች ቀለበት ግን ያለፈውን ደቂቃ ለመቁጠር እንጂ ለዚህ አይሆንም።

እንግዲህ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ። ቀለበቱ ከምን ተሠራ? ቢጎዳ ይወለወላል ወይስ ይቀየራል? የሚቀየር ከሆነ ማን፣ የት፣ በስንት ይቀይረዋል? ለሦስተኛው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኙ ስቲሉን ይምረጡ። ጭረት ይዞ ለልጅ የሚደርስ ሰዓት፣ ተሰንጥቆ መሳቢያ ውስጥ ከሚቀር ይሻላል።