ሰማይ አይታረስ፣ ሲስተም አይከሰስ!

ሸዋ በር ገበያ ገብታችሁ ለአንዲት ቲማቲም ሻጭ የመቶ ብር ኖት ሰጥታችሁ፣ መልሳችሁን ረስታችሁ ብትሄዱ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ልጅ ይላክባችኋል። «አንተ ባለነጭ ሸሚዝ! መልስህን! መልስህን!» እያለ በባጃጆቹ መካከል እየተሹለከለከ ይደርስባችኋል። ሴትዮዋ ምናልባት ፊደል አልቆጠረች ይሆናል። ሲስተም የላትም፤ «አፕዴት» የሚሉትንም አታውቅም። የሰው ገንዘብ ከጉያዋ ሲያድር ግን እንቅልፍ ይነሳታል።

ይህን ያነሳሁት ሸዋ በርን ለማሞገስ ብዬ አይደለም (ባሞግሰውም ባልከፋ)። መልሳችንን ወስዶ ልጅ የማይልክ ስለገጠመን ነው።

እኔ ከዚያው ከሸዋ በር ብዙም ሳይርቅ ባለ አንድ አነስተኛ የግል ድርጅት ደመወዝ የምሠራ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ድርጅቱን አልጠራውም፤ እንጀራዬ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከወር ደመወዝ ላይ ከግብር ነፃ ያደረገው የመጀመሪያውን 600 ብር ብቻ ነበር። ኑሮው ጣራ ነክቶ፣ የ600 ብር ዋጋ ጠፍቶ፣ ሠራተኛው ለዓመታት ጮኾ ጮኾ በመጨረሻ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መጣ። ነፃው ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ ሠንጠረዡም ተለወጠ፤ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ይሠራበት ተባለ። ዘገየ እንጂ መልካም ነገር ነበር። እኔ ተቃዋሚ ጋዜጣ ላይ ስለምጽፍ ብቻ መልካሙን መልካም አልልም አልልም።

የኛ የደመወዝ ሶፍትዌር ግን ነጋሪት ጋዜጣ አያነብም። ሐምሌን በአሮጌው ሠንጠረዥ ሠራ፤ ነሐሴን ደገመ፤ መስከረምን ሠለሰ። 5,000 ብር የሚያገኘው ሠራተኛ በአዲሱ ሕግ 500 ብር መክፈል ሲገባው 697 ብር ከ50 ተቆረጠበት። 3,000 ብር የሚያገኙት ጥበቃችን 150 ብር መክፈል ሲገባቸው 307 ከ50 ከፈሉ። ከሁሉም የሚያንገበግበው የጽዳት ሠራተኛችን ነገር ነው። ደመወዟ 2,000 ብር ነው። በአዲሱ ሕግ ግብሯ ስንት ነው? ዜሮ! ማሽኑ ግን በየወሩ 157 ብር ከ50 ሲቀማት ከረመ። የሰባት ሠራተኛ የሦስት ወር ትርፍ ተደምሮ 3,907 ብር ከ50 ሆነ። ለአገሪቱ በጀት ጠብታ ናት። ለእነሱ ጠብታ አይደለችም።

ያወቅሁትም በብልህነቴ አይደለም። የጥቅምትን ደመወዝ ልሠራ ቁጭ ስል መብራት ጠፋ። ምን ይደረግ? ካልኩሌተርና እስክሪብቶ አነሳሁ፤ አዲሱን ሠንጠረዥ ከስልኬ ላይ ከፈትኩ፤ በእጄ ሠራሁ። ቁጥሩ ከመስከረሙ ጋር አልገጥም አለ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው! ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት። እዩት እንግዲህ ማሽን ምን ያህል እንዳሰለጠነን፤ ሰው ከማሽን ጋር ሲለያይ ተሳሳትኩ የሚለው ሰውየው ነው።

ጥፋቱ የእኔም ነው። አዋጁ ሲወጣ በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ ሶፍትዌሩ ያውቅበታል ብዬ ተኛሁ። ይህን ሳልደብቅ ነው ወደሚቀጥለው የምሄደው።

ሶፍትዌሩን ለሸጠልን ሰው ደወልኩ። «አዎ፣ ሠንጠረዡ አልታደሰም ነበር፤ አሁን ይስተካከላል» አለኝ። ያለፈውስ? «ያለፈው እንግዲህ ከመንግሥት ጋር ነው።» ስልኩ ተዘጋ። ግብር ወደምናሳውቅበት መስኮት ሄድኩ። የተቀመጠው ወጣት ጨዋ ልጅ ነው፤ አልተቆጣኝም። ኮምፒውተሩን አየና «ወንድሜ፣ ሲስተሙ ላይ ያለው እናንተ ያሳወቃችሁት ነው። ሲስተሙ ምንም ችግር የለም ነው የሚለው» አለኝ።

ምንም ችግር የለም! እዚህ ላይ ነው እኔ የተቃጠልኩት። ይኸው ሲስተም አንድ ቀን ብንዘገይ ቅጣት ይቆጥራል። በታክስ አስተዳደር አዋጁ በ983/2008 እንደተጻፈው በመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ፤ ወለዱ ደግሞ ከባንኮች ከፍተኛ የማበደሪያ ወለድ ላይ 15 በመቶ ተጨምሮበት። ሲጎድልበት ሳንቲሟን የሚለቅም ዓይን ሲተርፍለት ለምን ይታወራል? ከ2,000 ብር ደመወዝ ላይ ግብር እንደማይቆረጥ የደነገገው መንግሥት፣ ከ2,000 ብር ደመወዝ ላይ የተቆረጠ ግብር ሲቀርብለት ማሽኑ «ኧረ ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ብሎ የማይጮኸው ምን አስተምረውት ነው? መጮህስ ያውቅበታል። የሚጮኸው ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው።

ያው አዋጅ በትርፍ የተከፈለ ታክስ ተመላሽ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህን ጠቅሼ ስሟገት መፍትሔ አመጡልኝ፤ «ከሚቀጥሉት ወራት ግብር ላይ ይቻቻል»። ለባለ 5,000 ብሩ ጥሩ ነው። ለጽዳቷ ሴትዮስ? የሚቀጥለው ወር ግብሯ ዜሮ ነው፤ የዓመቱም ዜሮ ነው። ከዜሮ ላይ ምን ይቀነስላታል? ድህነቷ ከግብር ነፃ አደረጋት፤ ከግብር ነፃ መሆኗ ደግሞ 472 ብር ከ50 ሳንቲሟን እንዳታገኝ አደረጋት። ልጁ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ አየኝ። ገብቶታል። «ሲስተሙ ግን ለዚህ ቦታ የለውም» አለኝ።

የድሮ ሰዎች «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ንጉሡ ከወረደ ከ50 ዓመት በላይ ሆነ፤ ዙፋኑ ላይ ሲስተም ተቀመጠበት። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲመጣ ነጋዴው ምን ያህል እንደተንጫጫ ታስታውሳላችሁ። አምቦና ወሊሶ ሱቅ እስከመዝጋት ተደርሷል። ግምቱ ግፍ ይሁን እንጂ ገማቹ ሰው ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ እያየ የጻፈ ሰው! «ቅዳሜ ቀን መጥተህ አይተህ በዓመት አባዝተህብኝ» ይባላል፤ ይፈጠማል። እኔ ዛሬ ከማን ጋር ልፈጠም? ከሠንጠረዥ ጋር?

ይህ የኛ ኋላቀርነት ብቻ አይምሰላችሁ። በሠለጠነችው በእንግሊዝ ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ የሠራው «ሆራይዘን» የሚሉት የሂሳብ ሶፍትዌር ያልጎደለ ገንዘብ ጎደለ እያለ ሲናገር፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች ሌቦች ተብለው ተፈረደባቸው። እስር ቤት የገባ አለ፤ ቤቱን የሸጠ አለ፤ ራሱን ያጠፋ አለ። እየደወሉ ሲጠይቁ ይሰጣቸው የነበረው መልስ «ይህ ችግር የገጠመህ አንተን ብቻ ነው» የሚል ነበር። የአገሪቱ ሕግም ኮምፒውተር በደህና እንደሚሠራ ይገምታል፤ ተሳስቷል ባዩ ያስረዳ ይላል። ፍርድ ቤት ሶፍትዌሩ ስህተት እንደነበረበት የፈረደው በ2019 ነው። ፓርላማው ፍርዱን በሕግ የሰረዘላቸው ደግሞ በ2024። ልብ በሉ፣ እነዚያ ሰዎች ጠበቃ ነበራቸው፤ ጋዜጣ ነበራቸው፤ ቴሌቪዥኑ ድራማ ሠራላቸው።

የኛዋ የጽዳት ሠራተኛ ያላት እኔን ነው። እኔም ይኸው ናችሁ ያለኝ።

የምጠይቀው ሲስተም ይፍረስ አይደለም። በደብተርና በካርቦን ዘመን የነበረውን መጉላላት አልረሳሁትም፤ ያኔም ደብተሩ «ጠፋ» ይባል ነበር። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሲጎድል የሚጮኸው ማሽን ሲተርፍም ይጩህ፤ ማስተማሩ ይህን ያህል የሚከብድ አይደለም፤ ያው አንድ ሠንጠረዥ ነው። «ሲስተሙ ነው» የሚል ባለሥልጣን ስሌቱን በወረቀት ጽፎ ስሙን አስፍሮ ይፈርምበት፤ ማን ምን እንዳለ ይታወቅ። የሚቻችል ግብር ለሌለው ደሃ ደግሞ ገንዘቡ በእጁ ይሰጠው። በግብር ሕግ ሶፍትዌር እየሠሩ የሚሸጡም ሕጉ በተለወጠ ወር አለመለወጣቸው ዋጋ ያስከፍላቸው እንጂ «ከመንግሥት ጋር ነው» ብለው ስልክ አይዝጉ።

ማመልከቻዬን በኅዳር አስገብቻለሁ። ማኅተም ተመትቶበታል፤ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ «ይታያል» ተብሏል።

ሴትዮዋ ደመወዝ በፈረመች ቁጥር «ልጄ፣ ያቺ መልሴስ?» ትለኛለች። ተመላሽ አትልም፤ መልስ ነው የምትለው፤ እንደ ገበያው። ባለፈው ወር ስትጠይቀኝ ሐፍረት ያዘኝና ከኪሴ ልሰጣት እጄን ሰደድኩ። አየችኝ። «የአንተን አይደለም የጠየቅሁህ» ብላኝ መጥረጊያዋን አንስታ ወጣች።