የሕግና የሕዝብ ፖሊሲ ተማሪዎች የተግባር ልምምድ፦ ወጪውን ማን ይሸከማል?

ዱባይ፣ ሻርጃ፣ አጅማን — የትምህርት ዘመኑ ተጠናቆ የባሕረ ሰላጤው ሙቀት ሲበረታ፣ በሻርጃ የዩኒቨርሲቲ ከተማና በአጅማን የሚማሩ የሕግ ተማሪዎች ፊታቸውን ወደ ዱባይ ያዞራሉ። በክፍል ውስጥ የተማሩትን የውል፣ የክርክርና የደንብ ትምህርት በሥራ ላይ የሚያዩበት የተግባር ልምምድ፣ በተለምዶ ኢንተርንሺፕ የሚባለው፣ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነውና። ይሁን እንጂ ለብዙዎቹ፣ በተለይም ከውጭ አገር መጥተው በአገሪቱ ለሚሠሩ ቤተሰቦች ልጆች፣ ቀዳሚው ጥያቄ «የት ልለማመድ?» ሳይሆን «በምን ገንዘብ?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ከመልክዓ ምድሩ ይጀምራል። የቤት ኪራይ ከዱባይ ይልቅ በሻርጃና በአጅማን ስለሚቀል፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ኑሯቸውን በእነዚህ ከተሞች አድርገው ለሥራ ወደ ዱባይ ይመላለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው የዱባይ ሜትሮ አረንጓዴ መስመር ቁሰይስ አካባቢ ይቆማል፤ ወደ ሻርጃ አይሻገርም። ስለዚህ ከአጅማን ተነስቶ በዱባይ የፋይናንስ ማዕከል የሚለማመድ ተማሪ በየቀኑ የአውቶቡስና የሜትሮ ዋጋ ይከፍላል፤ ለቢሮ የሚመጥን ልብስና ምሳም ከኪሱ ይወጣሉ። ሰዓታት በመንገድ ላይ ያልፋሉ። ክፍያ የሌለው ልምምድ እንግዲህ «ነፃ» አይደለም፤ ወጪውን የሚሸፍነው ተማሪው ወይም ወላጁ ነው።

ውጤቱም ከአንድ ተማሪ ኪስ በላይ ነው። ሁለት ወር ያለ ገቢ መቆየት የሚችል ልምዱን ያገኛል፤ የማይችል ይቀርበታል። ከዓመታት በኋላ በሕግ ቢሮዎችና በፖሊሲ ተቋማት የሚቀመጡት የትኞቹ እንደሚሆኑ በዚህ ደረጃ ይወሰናል ማለት ነው። የሥራ ውልን፣ የደመወዝ መዘግየትንና የመኖሪያ ፈቃድን ጉዳይ በቤቱ ያየ ወጣት ከሙያው ሲቀር፣ ማኅበረሰቡም ቋንቋውን የሚያውቅና ችግሩን የሚረዳ የሕግ ባለሙያ ያጣል።

የትምህርት ዕድሉ ራሱ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው የአጅማን ዩኒቨርሲቲና በ1997 የተመሠረተው የሻርጃ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጆች አሏቸው። በዱባይ የዱባይ ዩኒቨርሲቲና ሚድልሴክስ ዩኒቨርሲቲ ዱባይ ሕግ ያስተምራሉ። በሕዝብ ፖሊሲ በኩል፣ በ2005 የዱባይ የመንግሥት አስተዳደር ትምህርት ቤት ተብሎ የተቋቋመውና ዛሬ በሼኽ ሙሐመድ ቢን ራሺድ ስም የሚጠራው ተቋም በሕዝብ አስተዳደርና በሕዝብ ፖሊሲ የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል። እጥረቱ ያለው ከመማሪያ ክፍሉ ወደ ሥራው ዓለም በሚያሸጋግረው ድልድይ ላይ ነው።

ይህን ድልድይ ለማጠናከር ሕጉ መሠረት ጥሏል። የሥራ ግንኙነትን የሚገዛው የ2021 የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 33 ከየካቲት 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በማስፈጸሚያ ደንቡ ከተዘረዘሩት የሥራ ፈቃድ ዓይነቶች አንዱ የተማሪዎች የሥልጠናና የሥራ ፈቃድ ሲሆን፣ በአገሪቱ የሚኖሩና 15 ዓመት የሞላቸውን ተማሪዎች ይመለከታል። ፈቃዱን የሚጠይቀው ተማሪው ሳይሆን በሰው ኃብትና ኤሚሬትዜሽን ሚኒስቴር የተመዘገበው ድርጅት ነው። በቤተሰብ ኢቃማ የሚኖር ተማሪም ቢሆን «ስፖንሰሬ አባቴ ነው፤ ሌላ ፈቃድ አያስፈልገኝም» ብሎ ሥራ ሊጀምር አይገባም።

እዚህ ላይ ቸልታ ዋጋ ያስከፍላል። በ2024 የወጣው ማሻሻያ ያለ ፈቃድ ሠራተኛ በሚያሠራ አሠሪ ላይ የሚጣለውን ቅጣት ከ100,000 እስከ 1,000,000 ድርሃም አድርሶታል። ቅጣቱ በአሠሪው ላይ ያነጣጠረ ቢሆንም፣ «ለጊዜው እንዲሁ ግባና እርዳን» በሚል ቃል ብቻ የሚጀመር ልምምድ ተማሪውንም ማስረጃ የሌለው፣ ክፍያ ቢከለከል የሚጠይቅበት ሰነድ የሌለው ያደርገዋል። በሌላ በኩል ይኸው የሥራ ሕግ የምልመላና የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው መቀበልን ይከለክላል። ለልምምድ ቦታ «የምዝገባ» ወይም «የማስያዣ» ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲገኝ፣ ተማሪው መክፈሉን ሳይሆን መራቁን ማስቀደም ይኖርበታል።

ከሕጉ ቀጥሎ የሚነሳው ክፍያው ለማን እንደተመደበ ነው። በ2021 የተጀመረው ናፊስ የተባለው ፌዴራላዊ መርሐ ግብር በግሉ ዘርፍ ለሚሠሩ ዜጎች የደመወዝ ድጎማና የሥልጠና ድጋፍ ያደርጋል። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶችም በሙያ መደቦች የዜጎችን ድርሻ በየዓመቱ በ2 በመቶ እያሳደጉ በ2026 መጨረሻ 10 በመቶ እንዲያደርሱ ይጠበቃል። አንድ መንግሥት ለራሱ ወጣቶች ቅድሚያ መስጠቱ የሚጠበቅ ነው። የውጭ አገር ተማሪ ግን ይህን አስቀድሞ ማወቁ ጊዜውን ያድንለታል፦ ለዜጎች ብቻ በተከፈቱ መርሐ ግብሮች ላይ ወራት ከማባከን፣ ዜግነት መስፈርት ወዳልሆነባቸው ቦታዎች መዞር ይሻላል።

ከእነዚህ ቦታዎች ዋነኛው የዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል ነው። በ2004 የተቋቋመው ይህ ነፃ ቀጣና በእንግሊዝኛ የሚያስችሉ፣ የኮመን ሎው ሥርዓትን የሚከተሉ ፍርድ ቤቶችና የራሱ የሥራ ሕግ አሉት። በርካታ ዓለም አቀፍ የሕግ ድርጅቶች በዚያ ቢሮ ከፍተዋል። በ1994 የተቋቋመው የዱባይ ዓለም አቀፍ የግልግል ማዕከልና በሻርጃ የሚገኘው «ተሕኪም» የተባለው የንግድ ግልግል ማዕከልም የግልግል ሕግን ለሚያጠና ተማሪ ሊያውቃቸው የሚገቡ ተቋማት ናቸው።

ሁለተኛው መስክ ብዙ ተማሪዎች የማያስቡት የኩባንያዎች የሕግና የደንብ ማስከበር ክፍል ነው። አገሪቱ ሕገ ወጥ ገንዘብን በመከላከል ረገድ ክትትል ከሚደረግባቸው አገሮች ዝርዝር በየካቲት 2024 ወጥታለች። ለዚህ የበቃችው ባንኮች፣ የወርቅ ነጋዴዎችና የሪል ስቴት ድርጅቶች ደንበኞቻቸውን በጥብቅ እንዲያጣሩ በማድረግ ነው። ከሰኔ 2023 ወዲህ ደግሞ ከ375,000 ድርሃም በላይ በሆነ ትርፍ ላይ የ9 በመቶ የኩባንያ ግብር ተጀምሯል። ሁለቱም ለውጦች ሕግ አንብቦ ወደ አሠራር የሚተረጉም ሰው ይሻሉ። በአገሪቱ መደበኛ ፍርድ ቤቶች ቆሞ መከራከር በዋናነት ለዜጎች የተተወ ሙያ በመሆኑ፣ ለውጭ አገር ምሩቅ ይህ ጎዳና ከችሎት ይልቅ ሰፊ ነው።

ሦስተኛው እስላማዊ ፋይናንስ ነው። ዱባይ በ1975 የዱባይ ኢስላሚክ ባንክን ስትመሠርት ዘርፉ ገና በጅምር ላይ ነበር። ዛሬ የሙራበሓና የኢጃራ ውሎችን አንብቦ የሚረዳ፣ ፊቅህንና የንግድ ሕግን አጣምሮ የያዘ ወጣት በሁለት አገር ተፈላጊ ነው፤ በኢትዮጵያም በ2021 ዘምዘም ባንክ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሎታል። አማርኛ፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ የሚችል የሸሪዓ ወይም የሕግ ተማሪ በዚህ መስክ የሚይዘው ብልጫ በቀላሉ የሚተካ አይደለም።

ከኤምሬትስ ውጭ ያለውን ዕድል ለሚመለከት፣ ስምና ክፍያ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ማስታወስ ያሻል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጽሕፈት ቤትና በሥሩ ያሉ አካላት፣ መቀመጫውን በአዲስ አበባ ያደረገውን የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጨምሮ፣ ለተለማማጆች ደመወዝ አይከፍሉም። የዓለም የሥራ ድርጅትና የልማት ፕሮግራሙ ግን አበል ይሰጣሉ። በሔግ የሚገኘው ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ተማሪዎችን የሚቀበለው በዩኒቨርሲቲያቸው አቅራቢነትና ወጪ ነበር፤ ይህም ሀብታም ዩኒቨርሲቲዎችን ብቻ የሚጠቅም በመሆኑ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2020 ከታዳጊ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ለሚመጡ ዕጩዎች የሚውል ፈንድ እንዲቋቋም ወስኗል። የሔጉ ታሪክ በሻርጃና በአጅማን ያለውን ችግር በትልቁ ያሳያል፦ ወጪው ካልተሸፈነ በሩ ክፍት ቢሆንም ገቢው ጥቂት ነው።

በ2010 የተጀመረው የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድም ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 ለሆነ አፍሪካውያን ወርሃዊ አበል እየከፈለ በኅብረቱ ተቋማት ያሠማራል። ለሕዝብ ፖሊሲ ምሩቅ ይህ ጥሩ መነሻ ነው። በኢትዮጵያ በ2021 የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 ደግሞ ጠበቆች በድርጅት መልክ ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል። ጠበቃ ለብቻው በሚሠራበት ሥርዓት ተለማማጅ መቀበልና አበል መክፈል አስቸጋሪ ነበር፤ ድርጅቶች ሲበዙ ይህም የመለወጥ ዕድል አለው። በኤምሬትስ ያደገና ዕረፍቱን በአዲስ አበባ ዘመዶቹ ዘንድ የሚያሳልፍ ተማሪ የኪራይና የመጓጓዣ ወጪው ስለሚቀንስ፣ ይህን አማራጭ መናቅ የለበትም።

የትምህርት ወጪን በተመለከተ፣ በሻርጃ በ2014 የተከፈተው አል ቃሲሚያ ዩኒቨርሲቲ ከበርካታ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ሙሉ የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሰጥ ሲሆን፣ የሸሪዓና እስላማዊ ጥናቶች ኮሌጅም አለው። የእስላማዊ ልማት ባንክ ኢትዮጵያን በመሳሰሉ አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊም ማኅበረሰቦች የሚሰጠው የትምህርት ዕድል ከ1980ዎቹ ጀምሮ የቆየ ነው። ይህ ዕድል ለተማሪው እንደ ቀርድ ሐሰን የሚቆጠር ሲሆን፣ ተማሪው ሥራ ሲይዝ የሚመልሰው ገንዘብ ለማኅበረሰቡ ተከታይ ተማሪዎች እንዲውል የታሰበ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለሙስሊሙ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ1067 በባግዳድ የተከፈተው የኒዛሚያ መድረሳ የሕግ ተማሪዎቹን ከወቅፍ ገቢ በሚከፈል አበል ያኖር ነበር። የዘመኑ ባለሥልጣናት ፊቅህን የሚማር ወጣት ራሱን ለማስተዳደር ሲል ትምህርቱን ጥሎ እንዳይሄድ ወጪውን አስቀድመው አስበውበታል። ዛሬም በኤምሬትስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ወይም ባለሙያ በወር ጥቂት መቶ ድርሃም መድቦ የአንድን ተማሪ የመጓጓዣ ወጪ ቢሸፍን፣ ትርጉሙ ከዚያ የራቀ አይሆንም።

ሆኖም በጎ ሐሳብ በሕጋዊ መንገድ መሄድ አለበት። መዋጮን የሚገዛው የ2021 የፌዴራል ሕግ ቁጥር 3 ፈቃድ የሌለው ሰው ወይም ቡድን ከሕዝብ ገንዘብ እንዳይሰበስብ ይከለክላል፤ ጥሰቱ እስራትና ከፍተኛ የገንዘብ ቅጣት ያስከትላል። በዋትስአፕ ቡድን «ለተማሪው እናዋጣ» ብሎ መጥሪያ ማሰራጨት በአገር ቤት የተለመደ ደግነት ቢሆንም፣ እዚህ ጥፋት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። አባት ለልጁ፣ አጎት ለወንድሙ ልጅ የሚሰጠው እርዳታ የግል ጉዳይ ነው፤ ለሕዝብ ጥሪ የሚደረግበት ግን ፈቃድ ባላቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በኩል ብቻ ሊሆን ይገባል። በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን እንዲህ ያሉ ድርጅቶች አሉ፤ የትምህርት ድጋፍ ጥያቄን ስለሚያስተናግዱበት ሥርዓት ቀርቦ መጠየቅ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በመነሳት ተማሪውና ቤተሰቡ ሊከተሉት የሚችሉት ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ፍለጋው ከዕረፍቱ ብዙ ወራት አስቀድሞ ከዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች የሥራ መመሪያ ቢሮ መጀመር አለበት፤ ድርጅቶች ከማይታወቅ አመልካች ይልቅ ዩኒቨርሲቲው የላከውን ያምናሉና። ቀጥሎ ከቃለ መጠይቅ በኋላ፣ ቦታውን ከመቀበል በፊት፣ ሦስት ጥያቄዎች በአክብሮት ይቀርባሉ፦ ፈቃዱን ድርጅቱ ያወጣል ወይ? አበል ወይም የመጓጓዣ ክፍያ አለ ወይ? ሲጠናቀቅ የጽሑፍ ምስክር ወረቀት ይሰጣል ወይ? ለተለማማጅ ዝቅተኛ የክፍያ መጠን ያልተወሰነ በመሆኑ፣ ያልተጠየቀና ያልተጻፈ ክፍያ አይገኝም። መጠየቅ ነውር የሚመስለው ወጣት፣ ነገ የደንበኛውን መብት ሊጠይቅ የሚዘጋጅ የሕግ ሰው መሆኑን ማስታወስ አለበት።

ድርጅቶችም ሊያጤኑት የሚገባ ነገር አለ። ለተለማማጅ የሚከፈል ትንሽ የመጓጓዣ አበል በትልቅ የሕግ ቢሮ ሒሳብ ውስጥ እምብዛም የማይታይ ወጪ ነው፤ ከአጅማን በማለዳ ለሚነሳ ተማሪ ግን የመግባትና የመቅረት ልዩነት ነው። ከሁለት መቶ የሚበልጡ ዜግነቶች በሚኖሩበት አገር ሕግን በየቋንቋው የሚያስረዱ ባለሙያዎች ማፍራት የአሠሪውም፣ የሠራተኛውም፣ የፍርድ ቤቱም ጥቅም ነው።